ጥንብ አንሳና ፎቶ አንሺ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው ፍርድ ይሰጣል። ጥንብ የሚያነሣውን አሞራ «ጥንብ አንሳ» ብሎ ስሙን ስድብ አደረገው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣውን ሰው ደግሞ «ፎቶ አንሺ» ብሎ ባለሙያ አደረገው። ግሡ አንድ ነው። ሁለቱም አንሺዎች ናቸው። ልዩነታቸው አንሥተው ሲሄዱ በኋላቸው በሚተዉት ነገር ላይ ነው። አሞራው የሞተውን በሬ አንሥቶ ሲሄድ ሜዳው ይጠራል፤ ክርፋቱ ይጠፋል፤ ከብስባሹ የሚነሣው በሽታ ይቀንሳል። ፎቶ አንሺው ሥዕሉን አንሥቶ ሲሄድ ግን፣ ሁሉም ባይሆን ብዙው፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተጋጠ የበግ አጥንት፣ አንዳንዴም በገደል ግድግዳ ላይ የቀዘቀዘ እንቁላል ትቶ ይሄዳል። እንግዲህ ስድቡ ለየትኛው እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ።

ይህች ጽሑፍ ከፎቶግራፍ ጋር ጠብ የላትም። ጠቧ ከችኩል ጋር ነው። የምትለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሞራው በራሱ ጊዜ እስኪነሣ መጠበቅ የማይችል ሰው አሞራውን ፎቶ ማንሣት የለበትም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ «የተፈጥሮ ፍቅር» እየተባለ የሚወደሰው ሥዕል ብዙው ይህችን አንዲት ደንብ በመጣስ የተገኘ ነው። ፍቅር የተባለው ማሳደድ ሆኗል፤ ጉብኝት የተባለው ከበባ ሆኗል። ይህንንም ሳንሸፋፍን መነጋገር ያለብን ዛሬ ነው፤ መነጋገሪያውም ጉና ተራራ ቢሆን ይመረጣል።

ለምን ጉና? ጉና ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የደቡብ ጎንደር ራስ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ጡት ጠብተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ትከሻውን ተካፍለው ያርሱታል፤ ገብሱና ድንቹ እስከ ውርጩ ደጃፍ ድረስ ይወጣል። ከዚያ በላይ ያለው አገር የጓሳና የጅባራ ነው። ክልሉ ይህን ከፍታ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራነት ከልሎታል። መከለል ሲባል ደግሞ በወረቀት ላይ መሥመር ማሥመር ብቻ አይደለም። ገበሬው በሬውን አባቱ ያሰማራበት ከነበረው ግጦሽ ይመልስ ማለት ነው፤ ለቤቱ ክዳን ያጭደው የነበረውን ጓሳ ይተው ማለት ነው። ከጉሮሮው ነጥሎ እንዲሰጥ የተጠየቀ ሰው ባለበት ሥፍራ፣ ጠግቦ የመጣው እንግዳ እንዴት ባለ ሥነ ሥርዓት ሊመላለስ ይገባዋል? ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል።

ወደ ሰማዩ እንይ። በእነዚህ ደጋዎች ላይ ከሚያንዣብቡት አዳኞችና ጥንብ አንሳዎች መካከል ንጉሡ አጥንት ሰባሪው ነው። ፈረንጆች «ጢማሙ አሞራ» ይሉታል፤ ከማንቁርቱ ሥር እንደ ፍየል ጢም የተንጠለጠለ ጥቁር ጸጉር አለውና። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሌሎች ሥጋውን ከጨረሱ በኋላ መጥቶ የሚመገበው በአብዛኛው አጥንት ነው፤ አጥንቱ የማይዋጥ ከሆነ ወደ ላይ ይዞት ይወጣና ከጠፍጣፋ ዓለት ላይ ይለቀዋል፤ እስኪሰበር ድረስም ደጋግሞ ያደርገዋል። የደረቱ የዛገ ብርቱካን ቀለም አብሮት የተፈጠረ አይደለም። እንደ ሙሽራ እንሶስላ፣ ብረት የበዛበትን ቀይ አፈር እየፈለገ የሚቀባው ነው። ይህ ፍጡር በአፍሪካ ከቀሩት ዋና ዋና መጠጊያዎቹ አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከእርሱ ጋር በየገደሉ ሽኮኮ የሚያድነው ጥቁሩ ንስር አለ፤ በየማሳው ጠርዝ ላይ ቆማ አይጥና ፍልፈል የምትለቅመው፣ ጅራቷ ቀይ የሆነ የደጋ ጭላት አለች፤ በበጋው ደግሞ ከመካከለኛው እስያ ሜዳዎች ተነሥተው ክረምታቸውን ሊያሳልፉ የሚመጡ ንስሮች አሉ። ገበሬው ለአይጥ መርዝ ሳይገዛ ገብሱን የምትጠብቅለት ጭላት ደመወዝ ጠይቃ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ መንገዱ እንይ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫ፣ በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የጎንደርና የላሊበላ ጎብኚዎች መተላለፊያ ነው። የገና ዕለት ላሊበላ፣ የጥምቀት ዕለት ጎንደር የሚገኝ መንገደኛ በጉና ጉያ ያልፋል። መልካም ነው። ነገር ግን አጥንት ሰባሪው እንቁላሉን የሚጥለውና የሚታቀፈው ከጥቅምት ጀምሮ ባለው በዚያው የበጋ ወራት ነው። የእኛ የበዓልና የሽርሽር ወቅት፣ የእርሱ የአራስነት ወቅት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ብቻ ይጥላል። ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ሁለት ቢፈለፈሉ እንኳ የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው። ያም ጫጩት ከጎጆው ለመብረር ወደ አራት ወር ያህል ያስፈልገዋል። ለመውለድ ለመድረስ ደግሞ ብዙ ዓመታት ይጠብቃል። እንግዲህ ሒሳቡን ማስላት ነው፤ አንድ ጥንድ አሞራ በአንድ ዓመት የሚያተርፈው ቢበዛ አንድ ልጅ ነው። ያም ትርፍ የሚገኘው ማንም ካልነካው ነው።

በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የጥር ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ በእንስራ ውስጥ ይረጋል። በዚያ ሰዓት እናቲቱ ከእንቁላሏ ላይ በድንጋጤ ከተነሣች፣ እንቁላሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቁራ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እንቁላል መስረቅ የቁራ የጥንት ሙያው ነው። ፎቶ አንሺው «አቤት ስትነሣ እንዴት ታምራለች!» ብሎ ያነሣት ያቺ የተዘረጋች ክንፍ የሽሽት ክንፍ ናት። ያየነው ውበት የእናት ድንጋጤ ነው። በአውሮፓ በፒሬኔ ተራሮች ይህንኑ አሞራ ያጠኑ ሰዎች በጎጆው አካባቢ የሚሰማ ከፍተኛ ጫጫታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት እንኳ ወፉን እንደሚረብሸው ጽፈዋል። እኛ ግን «ኧረ ገና ሩቅ ነን!» እያልን ገደሉ አፍ ላይ ቆመን እናፏጫለን።

ይህ ሁሉ በሐሳብ የተፈጠረ ነው የሚል ካለ፣ ያየሁትን ልንገረው። በአንድ የደጋ ገደል አፋፍ ላይ፣ መኪናቸውን ከመንገድ አውጥተው ሣሩ ላይ ያቆሙ ጎብኚዎች ነበሩ። ከከተማ የመጡ የእኛው ወገኖች ናቸው። የመኪናው ሙዚቃ እንደተከፈተ ነው። አንደኛው ክንድ የሚያህል ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ይዟል። አሞራው ከታች ካለው ዓለት ላይ አርፎ ላባውን ያጸዳል። አምስት ደቂቃ ጠበቁ፤ አልተነሣም። ስድስተኛው ደቂቃ አልሞላም፤ በአካባቢው ከብት የሚጠብቅ፣ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው የምለው ልጅ ወንጭፉን ከትከሻው እያወረደ ቀረብ አለና «ጋሼ፣ ላስነሣልዎ?» አለ። ቃሉን ልብ በሉ። ልጁ ይህን ጥያቄ ከእናቱ ጡት ጋር አልጠባውም። ከእርሱ በፊት የመጣ አንድ ጋሼ አስተምሮታል። ወንጭፉ ዝንጀሮ ከማሳ ለማባረር የተሠራ ነው፤ ብሩ ሲመጣ ግን ሙያው ተለወጠ። ፎቶ አንሺ በመጣበት ቦታ ሁሉ «አስነሺ» ይፈጠራል ማለት ነው። ድንጋዩ ተወረወረ፤ አሞራው ተነሣ፤ ካሜራው ተንጣጣ፤ ልጁ ሁለት ድፍን ብር ተቀበለ፤ እነ ጋሼም ተሳስቀው ሄዱ።

አንዳንዱ ጨዋ ነኝ ባይ ይህን ሲሰማ ልጁን ይወቅሳል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው። ድንጋዩን የወረወረው ልጁ ቢሆንም ዋጋውን የከፈለው ጋሼው ነው። አንድ ሕፃን ክረምት ከበጋ ከብት ሲጠብቅ የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ውርወራ ካገኘ፣ ነገ ምን ሆኖ እንዲያድግ ትጠብቃላችሁ? ዛሬ አሞራ ያስነሣል፤ ነገ ወደ ጎጆው የሚያደርሰውን መንገድ ይመራል፤ ከነገ ወዲያ ጫጩቱን በእቅፉ ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። የተራራው ጠባቂ ሊሆን የሚገባውን ልጅ የተራራው ነጋዴ አድርገን፣ ከዚያ ተመልሰን ስለ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ዐውደ ጥናት እናዘጋጃለን።

ሌላው ዘዴ አጥንት መበተን ነው። በግ ይታረዳል፤ ይበላል፤ አጥንቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ይበተናል፤ ካሜራው ይደገናል። ይህስ ምን ክፋት አለው፣ አሞራው ጠገበ፣ እኛም አነሣን የሚል ሰው አለ። ክፋቱ ከሰዎች መሰብሰቢያ ጋር የለመደ አሞራ ከመኪናው፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦውና ለውሻ ከተረጨው መርዝ ጋርም መላመዱ ነው። ሰው ባለበት ምግብ አለ ብሎ የተማረ ፍጡር፣ የሰው ምግብ ሁሉ ምግብ እንዳልሆነ የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው። የደጋው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሞተ ከብቱን ወደ ዱር ሲጥል ለአሞራው ድርሻውን ሰጥቶታል። ያ ግን ሰውን ከአሞራው የሚያርቅ እንጂ አሞራውን ከሰው ጉልበት ሥር የሚያመጣ አልነበረም።

ሦስተኛው አዲሱ መጫወቻ ድሮን ነው። ጎጆው ካለበት ገደል ፊት ለፊት እንደ ተርብ እየጮኸ የሚንሳፈፍ ነገር ለአሞራው ምን እንደሆነ ለማወቅ አሞራ መሆን አያስፈልግም። ለሰውስ? በእነዚህ ዓመታት ጦርነትን ባሳለፈ ደጋ ላይ፣ ከራሱ በላይ የሚያጉረመርም ነገር የሰማ ገበሬ በሬውን ጥሎ ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል? የሰውንም የወፉንም ልብ በአንድ ጊዜ የሚያስደነግጥ መሣሪያ ይዞ ወደ ተራራ መውጣት የዋህነት አይባልም።

አሁን ደግሞ የመከላከያ ሐሳቦችን እንስማ፤ ክርክር ከሆነ ሁለቱም ወገን ይደመጣልና።

የመጀመሪያው «ፎቶግራፉ አገርን ያስተዋውቃል» የሚለው ነው። ያስተዋውቃል፤ አልክድም። ግን ምን ብሎ? ከጎጆዋ የተባረረች እናት ሥዕል አገርን የሚያስተዋውቀው ለሚያውቅ ዐይን አሳዳጆች መሆናችንን በመናገር ነው። በሌላው ዓለም ወፍ የሚያነሡ ሰዎች ሥዕሉን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ፣ በልዩ ጥበቃ ሥር ባለ ወፍ ጎጆ አጠገብ ሆኖ ወፉን መረበሽን ወንጀል አድርጎታል፤ በጎጆው ዘንድ ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እኛ ጋ ግን ፈቃዱ የሚወጣው ከኪስ ነው።

ሁለተኛው «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን ነው የመጣሁት» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱም የሚመጣው አንድ ቀን ነው። አሞራዋ ግን ሁሉንም ቀን እዚያው ናት። የእናንተ አንድ ቀን፣ የእርሷ መቶኛ ቀን ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው «ተራራውን የሚያጠፋው ገበሬው አይደለም ወይ?» የሚለው ነው። እርሻው እየገፋ እንደሚወጣ፣ ከብቱ ከለመደው ቦታ እንደማይርቅ፣ እንጨት እንደሚቆረጥ ማንም አይክድም። ሆኖም ሁለቱን ማስተያየት «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ነው። ገበሬው ጓሳውን የሚነካው ልጆቹ እንዳይራቡ ነው፤ ጎብኚው አሞራውን የሚያስነሣው ለግድግዳው ጌጥ ነው። አንደኛው የኑሮ ግዴታ፣ ሁለተኛው የመዝናኛ ምርጫ ነው። ግዴታ ያለበትን ሰው «ተው» ብለን ስናበቃ፣ ምርጫ ያለውን «እባክህ ግባ» ካልነው፣ ጥበቃ የተባለው ነገር ለድሃው ብቻ የተሠራ አጥር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ አጥር ደግሞ አንድ ቀን ይነቀላል፤ ሲነቀልም ጥፋተኛው የነቀለው ብቻ አይሆንም።

አራተኛው «ፈረንጆቹም ያደርጉታል» የሚለው ነው። ያደርጉታል። ከዚህ የከፋም አድርገዋል። በአልፕስ ተራሮች ይህንኑ አጥንት ሰባሪ አሞራ «ግልገል ይሰርቃል» በሚል የሐሰት ክስ እያሳደዱ ገድለው፣ በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ ፈጁት። ከዚያም ሲቆጫቸው ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ በእንክብካቤ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ወደ ተራራው መመለስ ጀመሩ። ከተመለሱት መካከል የመጀመሪያው ጫጩት በዱር ተወልዶ ለመብረር የበቃው በ1997 ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እነርሱ በብዙ ገንዘብና ድካም መልሰው የገዙትን እኛ በነፃ ይዘነዋል። በነፃ የተገኘ ነገር እንደሚረክስ ግን ድሮም የታወቀ ነው።

ነገሩ የአንድ አሞራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጮኸ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የበርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን ደረጃ ወደ መጨረሻው የአደጋ ጠርዝ አወረደው። በየከተማችን ቄራና ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የምናየው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ሳይቀር በዚያው ዝርዝር ውስጥ ገባ። መርዝ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አደንና የመኖሪያ መጥበብ ተባብረው ነው የጨረሱት። ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሕንድ አይታዋለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት መሰጠት ሲጀምር፣ የሞተውን ከብት የበሉት ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየከሸፈ አለቁ፤ በብዛት ይታወቁ ከነበሩት ዝርያዎች ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ ጠፉ። ጥንቡን የሚያነሣው ሲጠፋ ጥንቡ ቀረ፤ ጥንቡን ውሻ ወረሰው፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት መጣ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006 ነው፤ አሞራው ግን ዛሬም አላገገመም። ይህን ሁሉ መከራ ለተሸከመ ፍጡር፣ የጎብኚ ድንጋይ ተጨማሪ ሸክም ሊሆን አይገባም። ድንጋዩ ትንሽ ነው ማለት የማያዋጣውም ስለዚህ ነው። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ የሚጎዳው እንጨቱ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ቁስሉ ስላለ ነው።

ታዲያ ፎቶ አይነሣ ወይ? ይነሣ እንጂ! በእውነት የሚነሣበት መንገድ አለ። መንገዱም መደበቅና መጠበቅ ነው። ከቅጠልና ከሸራ በተሠራች መሸሸጊያ ውስጥ ገና ሳይነጋ ገብቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ሳይናገሩና ሳይንቀሳቀሱ ግማሽ ቀን መቀመጥ ነው። ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው ስመ ጥሩ እንግሊዛዊ የወፍ ፎቶ አንሺ ዕድሜውን በሙሉ በእንዲህ ያለ መሸሸጊያ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። እርሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1937 በሌሊት ወደ አንዲት ጉጉት ጎጆ አጠገብ ሲቀርብ ጉጉቷ በጥፍሯ ግራ ዐይኑን አጥፍታዋለች። ሆስኪንግ ጉጉቷን አልወነጀለም፤ ሥራውንም አልተወም፤ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ እንኳ ርእሱን ከዚያችው ከጠፋችው ዐይኑ ወሰደ። ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው ያን ያህል ዋጋ ከከፈለ፣ እኛ ሙዚቃ ከፍተን የምንቀርበው ጎጆ ዝም ያለን አሞራው ፈርቶ እንጂ ወዶን አይደለም።

የመጠበቅ ባህል የለንም የሚል ካለ ደግሞ ራሱን ያታልላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለ ሕዝብ ስለ ትዕግሥት ከማንም አይማርም። ከዚህም በላይ ርቀትን ማክበር የሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት በየመንደራችን ቆሟል። የደቡብ ጎንደርን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ተመልከቱ። ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ቅድስት አለ፤ መቅደስ አለ። በመጀመሪያው ክበብ ሕዝቡ ይቆማል፤ ወደ ሁለተኛው ሥርዓቱን የጠበቀ ይገባል፤ ወደ ሦስተኛው ከካህናቱ በቀር ማንም አይደርስም። መቅደስ አልገባሁም ብሎ የሚያኮርፍ ምእመን አይታችኋል? ሳይገባም ይባረካል። ጫማውንም ማንም ሳይቆጣው በደጃፉ ያወልቃል። በዙሪያው ያለው ዛፍም በሌላው መሬት ላይ ደኑ ሁሉ ሲመነጠር የተረፈው በዚሁ አክብሮት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይህን ያህል ጨዋ የሆነ ሰው፣ ተራራው ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

ስለዚህ የጉናን ነገር በዚሁ ሥርዓት እናስበው። ተራራው ሦስት ክበብ ይኑረው። በመጀመሪያው ሁሉም ይግባ፤ በእግሩ ይሂድ፤ ይደሰት። በሁለተኛው ከአካባቢው ሰዎች በተመረጠ መሪ፣ በቁጥር ተወስኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሂድ። ሦስተኛው፣ ጎጆ ያለበት ገደል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለማንም ዝግ ይሁን፤ ለባለ ሥልጣንም፣ ለጋዜጠኛም፣ ለእኔም። በሁለተኛው ክበብ ሁለት ሦስት መሸሸጊያ ጎጆዎች ይሠሩና የአካባቢው ማኅበር ያከራያቸው። ያ ወንጭፍ ያነገተ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የአሞራውን መምጣትና መሄድ በደብተር ይመዝግብ፤ ለሥራውም ማኅበሩ በግልጽ ይክፈለው። ያኔ ገቢው የሚመጣው አሞራው ሳይረበሽ ሲያርፍ ይሆናል። ዛሬ ግን አሞራው ሲደነግጥ ነው ገንዘቡ የሚወጣው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም መወሰን።

ሕግ የለም አይባልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። የጎደለው አዋጁን ከአዲስ አበባ አውርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚያቆመው ነው። ጠባቂው ከጎብኚው ጉርሻ የሚጠብቅ ከሆነ ጎብኚውን ሊከለክል አይችልም፤ የሚጎርስ አፍ አይቆጣም። ስለዚህ ለጠባቂውም ለመሪውም በቂና ቋሚ ክፍያ ይቆረጥላቸው፤ «አይቻልም» ለማለት የሚያስችል ክፍያ።

ከሕጉ ባልተናነሰ ኃላፊነቱ የኛም ነው። የቀን መቁጠሪያ የሚያሳትሙ ባንኮች፣ በእንግዳ መቀበያቸው ትልልቅ ሥዕል የሚሰቅሉ ሆቴሎች፣ የፎቶ ውድድር የሚያዘጋጁ ማኅበራት፣ ይህችን ጨምሮ መጽሔቶች በሙሉ፣ «ይህ ሥዕል እንዴት ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። የጎጆ ሥዕል፣ እናቲቱ አፏን ከፍታ የምትጮህበት ሥዕል፣ ጫጩት በሰው እጅ ላይ ያለበት ሥዕል ሲመጣ ይመልሱት። ገዢ ያጣ ድንጋይ አይወረወርም።

«አሁን ይህን የማንሣት ጊዜ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው የትጥቅ ግጭት ጎብኚው ተመናምኗል፤ መንገዱ አስጊ ሆኗል፤ ሰው በሰው ላይ በተነሣበት ሰዓት ስለ አሞራ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን የምለው በተቃራኒው ነው። ሥርዓት የሚሠራው እንግዳው ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ሲገፋ አይደለም። እንግዳው ሳይመጣ ቤቱ ይጠረጋል። ሰላም በወረደ ማግሥት መኪናው እንደገና ይጎርፋል፤ ሁሉም ያመለጠውን ዓመት ለማካካስ ይጣደፋል፤ አስጎብኚው የተበደረውን ለመክፈል፣ ልጁም ደብተር ለመግዛት «ላስነሣልዎ» ይላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በዚያ ግርግር መሐል የሚወጣ ደንብ ደንብ አይሆንም። ዛሬ የአገሬው ሽማግሌዎች፣ ካህናቱ፣ መምህራኑና የተራራው ማኅበር ተሰብስበው ሦስቱን ክበቦች ቢያሰምሩ፣ ነገ የሚመጣው እንግዳ ሥርዓቱን ቆሞ ያገኘዋል። እንግዳ ደግሞ ያገኘውን ሥርዓት ይለምዳል፤ ሥርዓት ያጣ ዕለት ነው የራሱን የሚያመጣው።

ለፎቶ አንሺ ወገኖቼ የመጨረሻ ቃል አለኝ። ወደ ጉና ስትወጡ ካሜራችሁን ያዙ፤ ሌንሱንም ያዙ፤ ስንቅም ያዙ፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀን ያዙ። አሞራው አንድ ሰዓት ቢያርፍ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ ባይነሣ ባዶ እጃችሁን ተመለሱ። ባዶ እጁን ከተራራ የተመለሰ ፎቶ አንሺ አንድ ሥዕል አጥቷል። በድንጋይ አስነሥቶ የተመለሰው ግን ምናልባት የአንድ ዓመት ጫጩት አጥፍቷል፤ ያውም የራሱን ሳይሆን የተራራውን። ልጁም መጥቶ «ጋሼ፣ ላስነሣልዎ?» ቢላችሁ መልሱ አጭር ነው፤ «ተወው ልጄ፣ ሲፈልግ ይነሣል።»